ዶፓሚንና ፓርኪንሰን ላይ የላብ ሥራ ልጀምር ነው፣ ከየት ልነሳ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ወገን። ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ አንድ የነርቭ ሳይንስ ላብ ውስጥ ቦታ አግኝቻለሁ። አማካሪዬ የሰጡኝ መመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዶፓሚንና ፓርኪንሰን ላይ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ጥያቄ ይዘሽ ነይ።» በቃ ይኸው ነው።

መሠረቱን አውቃለሁ። ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉት ዶፓሚን የሚያመርቱ ነርቭ ሴሎች ይሞታሉ፣ እነሱ ቅርንጫፋቸውን የሚዘረጉበት ስትራያተም የሚባለው ክፍል ውስጥ ዶፓሚን ይጎድላል፣ ታማሚው እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ጡንቻው ይገተራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግራ የገባኝ ፔፐር ማንበብ ስጀምር ነው። አንዱ 6-ኦኤችዲኤ የሚባል መርዝ አንጎል ውስጥ ይወጋል፣ ሌላው ኤምፒቲፒ የሚባል ሌላ መርዝ ይሰጣል፣ ሌላው ሳህን ላይ ሴል ያሳድጋል፣ ሌላው ደግሞ አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ያስገባል። ሁሉም ግን «የፓርኪንሰን ሞዴል» ብለው ነው የሚጽፉት። እኛ ላብ የአይጠ መጎጥ ክፍል አለ፣ የሴል ክፍል አለ፣ ያረጀ ግን የሚሠራ ኤችፒኤልሲም (ናሙና ውስጥ ስንት ዶፓሚን እንዳለ የሚለካ ማሽን) አለ። የቱን ልያዝ? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በናታችሁ ጻፉልኝ።

ፒፔት_ያዥ፦
እንኳን ደህና መጣሽ። ሞዴሉን ለጊዜው ተይውና ጥያቄሽን ለይ። ሴሎቹ ለምን ይሞታሉ ነው የምትዪው? ወይስ ዶፓሚን ከጠፋ በኋላ የቀረው አንጎል ምን ይሆናል? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፣ ፔፐሮቹ ላይ ግን ተመሳሳይ ርዕስ ተለጥፎባቸው ታገኛቸዋለሽ።

6-ኦኤችዲኤን እንውሰድ። ቅርጹ ዶፓሚንን ስለሚመስል የዶፓሚን አጓጓዡ ፕሮቲን ወደ ሴሉ ያስገባዋል። ከገባ በኋላ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ የሴሉን ጉልበት ማምረቻ፣ ሚቶኮንድሪያውን፣ ይጎዳል፣ ሴሉ ይሞታል። ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ በቀጥታ አንጎል ውስጥ መወጋት አለበት። ተመራማሪው ኡንገርስቴት በ1968 በአይጠ መጎጥ ላይ ካሳየው ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ይሠራበታል። ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚወጋው፣ ሌላው ጎን ለማነጻጸሪያ ይቀርልሻል። ሁለቱንም ጎን ክፉኛ ከጎዳሽ እንስሳው መብላትና መጠጣት ያቆማል፣ ያ ደግሞ ለእንስሳውም ለጥናቱም አይበጅም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እዚህ ላይ ሴሉን የገደልሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ «ለምን ሞተ?» ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ «መርዝ ስለወጋሁት» ነው። ሌዊ ቦዲ (በታማሚ ሴል ውስጥ የሚከማች የአልፋ-ሲኑክሊን ቋጠሮ) አታዪም። ሰው ላይ ዓመታት የሚፈጀውን ነገር በቀናት ወይ በሳምንታት ነው የሚጨርሰው። ዶፓሚን ሲጎድል ምን ይከተላል፣ ሊቮዶፓ (የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካው መድኃኒት) ሲቆይ ያ ያለፈቃድ መወራጨት ለምን ይመጣል፣ እንዲህ ላለው ጥያቄ ግን ለጀማሪ ከሱ የሚሻል አላውቅም።

ማታ_ሠራተኛ፦
ጋሼ ፒፔት ስለ ኤምፒቲፒ ዘለሉት፣ እኔ ልሙላ። ታሪኩን ካላወቅሽው ደስ ይልሻል፣ ማለቴ ያሳዝናል ግን ትምህርት አለው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕፅ የሚወስዱ ወጣቶች በድንገት ድርቅ ብለው፣ መንቀሳቀስም መናገርም አቅቷቸው ሐኪም ቤት መጡ። በድብቅ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን ወስደው ነበር፣ ውስጡ ኤምፒቲፒ ተገኘ። ነርቭ ሐኪሙ ላንግስተንና ባልደረቦቹ በ1983 አሳተሙት። ሊቮዶፓ ሲሰጣቸው እንደ ማንኛውም የፓርኪንሰን ታማሚ መንቀሳቀስ ጀመሩ!

ኤምፒቲፒ ራሱ አይደለም የሚገድለው። አንጎል ውስጥ ሲገባ አስትሮሳይት በሚባሉት ደጋፊ ሴሎች ውስጥ ያለው ኤምኤኦ-ቢ የሚባለው ኢንዛይም ወደ ኤምፒፒ-ፕላስ ይቀይረዋል። እሱን ነው የዶፓሚን ሴሉ የሚስበው። ከዚያ ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ገብቶ ኮምፕሌክስ 1 የሚባለውን ክፍሉን ያግዳል፣ ሴሉ ጉልበት ያጣል። በሽታው ከሚቶኮንድሪያ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚለው ሐሳብ ትልቁን ግፊት ያገኘው ከዚህ ነው።

ላንቺ ግን አልመክርሽም። እናንተ ያላችሁ አይጠ መጎጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ለኤምፒቲፒ በቀላሉ አይበገርም። ሰው የሚሠራው በተወሰኑ የትንሿ አይጥ ዝርያዎች ነው፣ በተለይ ሲ57ብላክ6 በሚባለው። ሌላው፣ ሰውን የሚመርዝ ነገር ነው። የተወጋው እንስሳ በሽንቱ ያስወጣዋል፣ ስለዚህ ጎጆው ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ሳይቀር አደገኛ ቆሻሻ ነው። ለብቻው የተዘጋጀ ክፍልና የሠለጠነ ሰው የሌለበት ላብ ባይነካው ነው የሚሻለው።

ሳህን_ላይ፦
ኧረ ቆይ፣ ሁላችሁም አይጥ አይጥ ትላላችሁ። ልጅቷ ያላት አንድ ዓመት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ብቻ ስንት ወር እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ሴል ታሳድግ፣ 6-ኦኤችዲኤ ትጨምርበት፣ የሚያድን ነገር ትሞክር፣ ስንቱ ሴል እንደተረፈ ትለካ። በሳምንት ዳታ አላት። እንስሳም አይሞትም።

ፒፔት_ያዥ፦
ወንድሜ፣ በሳምንት የሚመጣው ዳታ ምን ይላል ነው ጥያቄው። 6-ኦኤችዲኤ ማሳደጊያ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ እዚያው ኦክሲዳይዝ መሆን ይጀምራል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ሴሉ የዶፓሚን አጓጓዥ ኖረውም አልኖረውም ከውጭ በፐርኦክሳይድ ይቃጠላል። ከዚያ ተማሪው ፀረ-ኦክሲዳንት ይጨምራል፣ ሴሎቹ ይተርፋሉ፣ «ይህ ቅጠል ፓርኪንሰንን ይከላከላል» ተብሎ ይታተማል። የተደረገው እኮ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፐርኦክሳይድን ማጥፋት ብቻ ነው! እንዲህ ያለ ፔፐር ሞልቷል።

በዚያ ላይ ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ከኒውሮብላስቶማ ዕጢ የመጣ የካንሰር ሴል ነው። ይከፋፈላል። ናይግራ ውስጥ ያለው ነርቭ ሴል ግን አይከፋፈልም፣ አንዱ ሴል ብቻውን ስትራያተም ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅርንጫፍ ይዘረጋል፣ ያንን ሁሉ በጉልበት መቀለብ አለበት። ለበሽታው እንዲጋለጥ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው ተብሎ ይታሰባል። ያን ሳህን ላይ አታገኘውም።

ሳህን_ላይ፦
የፐርኦክሳይዱን ነገር አልክድም። ሴል የሌለበት ሳህን ላይ መድኃኒቱንና መርዙን ብቻ ቀላቅሎ ፐርኦክሳይዱን መለካት ነው፣ ይኼ ኮንትሮል ካለ ሥራው ዋጋ አለው። ደግሞ ሴል ማለት ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ብቻ አይደለም። ኤልአርአርኬ2 ወይም ፒንክ1 በሚባሉ ጂኖች ላይ ለውጥ ካለበት ሰው ቆዳ ተነሥቶ የዶፓሚን ነርቭ ሴል ድረስ መሄድ ይቻላል። «ለምን» ለሚለው ጥያቄ እሱ ከመርዝ ይሻላል።

ማታ_ሠራተኛ፦
እሱ እውነት ነው፣ ግን ለጀማሪ በአንድ ዓመት? ሴሉን እዚያ ለማድረስ ራሱ ሳምንታት ይፈጃል፣ ላቡ ውስጥ የለመደ ሰው ከሌለ ዓመቱ በማሳደግ ብቻ ያልቃል። ደግሞ ከአዛውንት ቆዳ ብትነሺም ሴሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ልጅ ሆኖ ነው የሚመጣው። በሽታው ደግሞ የዕድሜ ነገር ነው።

ልጃቸው_ነኝ፦
ይቅርታ፣ እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፣ አባቴ ፓርኪንሰን አለባቸው። ክሩን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በየጊዜው «አይጥ ላይ የሠራ አዲስ መድኃኒት» ይባላል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። የት ነው የሚገባው? ሌላው፣ አባቴ እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ነው ማሽተት ያቆሙት፣ ሌሊትም በሕልማቸው ይጮሁና ይራገጡ ነበር። እናንተ የምታወሩት ግን ሁሉም ስለ እንቅስቃሴ ነው።

ማታ_ሠራተኛ፦
እግዜር ይማርልዎ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም፣ እዚህ ክር ላይ ከተነሡት ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ልክ ነዎት። ማሽተት መቀነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ በሕልም መራገጥ ብዙ ጊዜ ቀድመው ይመጣሉ። ተመራማሪው ብራክና ባልደረቦቹ በ2003 ይህን የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረቡ። አልፋ-ሲኑክሊን የሚከማቸው ከታችኛው የአንጎል ግንድና ከማሽተቻው ክፍል ጀምሮ ነው፣ ናይግራ ጋ የሚደርሰው ቆይቶ ነው የሚል። ሁሉም ታማሚ በዚህ መስመር ይሄዳል ማለት አይደለም፣ ክርክር አለበት። ግን መርዝ ናይግራ ላይ የሚወጋ ሞዴል ያንን ሁሉ እንደማያሳይ ግልጽ ነው።

አይጥ ላይ የሠራው የት ይገባል ላሉት ደግሞ፣ አንዱን ብቻ ልንገርዎ። ኢስራዲፒን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ የካልሲየም መግቢያ ይዘጋል። አይጥ ላይ የዶፓሚን ሴሎችን ከመርዝ ሲጠብቅ ታየ። ሐሳቡም ያምር ነበር። ከዚያ 336 ታማሚዎች ላይ ለሦስት ዓመት ተሞከረ፣ ውጤቱ በ2020 ወጣ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱትና ካልወሰዱት መካከል ልዩነት የለም። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይሆንም። ግን አይጥ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ወይም አብሮ ነው። ሰው ግን ሐኪም ጋ የሚመጣው ምልክት ሲያይ ነው፣ ያኔ ከዶፓሚን ሴሎቹ ትልቅ ድርሻ ሄዷል፣ ስትራያተም ውስጥ ያለው ዶፓሚን ደግሞ ከዚያም በላይ ጎድሏል።

ልጃቸው_ነኝ፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ለምን ከመርዙ በኋላ አይሰጡትም?

ፒፔት_ያዥ፦
ምክንያቱም ከመርዙ በኋላ ሲሰጥ ብዙው አይሠራም፣ ያልሠራ ነገር ደግሞ አይታተምም። ይቅርታ ለቀጥተኛነቴ።

ኤችፒኤልሲ_ወዳጅ፦
እኔ የመጣሁት «ያረጀ ኤችፒኤልሲ» ለሚለው ነው። እንዳትንቂው! ይህ ዘርፍ እኮ የተጀመረው ቱቦ ውስጥ ስንት ዶፓሚን አለ በሚል ጥያቄ ነው። ስዊድናዊው ካርልሰን በ1957 ሪሰርፒን (የአንጎልን ዶፓሚን የሚያሟጥጥ መድኃኒት) ለጥንቸሎች ሰጠ፣ ጆሯቸው ወድቆ ዝልፍልፍ ብለው ተኙ። ዶፓ (ዶፓሚን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ሲወጋቸው በደቂቃዎች ውስጥ ጆሯቸው ቆመ፣ ተነሡ። የ2000 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስቱ አንዱ ሆነ። ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች ደግሞ በ1960 የሞቱ የፓርኪንሰን ታማሚዎችን አንጎል ወስደው ስትራያተሙን ለኩ። ከጤነኛ ሰው የመጣው ናሙና ሮዝ ቀለም ሲያወጣ የታማሚዎቹ ባዶ ቀረ፣ መሣሪያው ጋ ሳይደርስ በዓይን ብቻ ይታይ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ይኼ ነገር ይነዝረኛል።

ስለዚህ ማሽኑን ተጠቀሚበት። ዶፓሚንን ብቻ ሳይሆን ዶፓክንና ኤችቪኤንም ለኪ፣ እነሱ ዶፓሚን ሲሰባበር የሚወጡት ናቸው። በከፊል በተጎዳ አንጎል ውስጥ ዶፓሚኑ ሲጎድል እነሱ ከዶፓሚኑ ጋር ያላቸው ጥምርታ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ የተረፉት ሴሎች በላይ በላይ እየሠሩ ነው ማለት ነው። ናሙናውን ወዲያው አቀዝቅዢ፣ በፐርክሎሪክ አሲድ ፍጪ፣ በረዶ ላይ ይሁን፣ ብርሃን አይንካው። ዶፓሚን ሲቆይ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ ከዚያ የምትለኪው በሽታውን ሳይሆን የራስሽን መዘግየት ነው።

ጀማሪዋ፦
እናንተ ሰዎች! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጃቸው ጥያቄ ነው ያነቃኝ። አማካሪዬ ጋ ይዤ ልሄድ ያሰብኩት ይኸው። 6-ኦኤችዲኤ አንድ ጎን ስትራያተም ላይ ወግቼ ከፊል ጉዳት አደርሳለሁ። ላቡ እያጠናው ያለ አንድ ውሁድ አለ። ለአንዱ ቡድን ከመርዙ በፊት፣ ለሌላው ጉዳቱ ከጀመረ ከሳምንት በኋላ እሰጣለሁ። ከዚያ ናይግራውን በቲኤች (ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ፣ የዶፓሚን ሴሎች መለያ) አቀልምና እቆጥራለሁ። ለመሆኑ ቲኤች ያለባቸው ሴሎች በግማሽ ቀንሰው ባገኝ ግማሹ ሞተ ማለት እችላለሁ?

ፒፔት_ያዥ፦
አሁን አገኘሻት! መጀመሪያ አንድ ጥሩ ነገር፤ ስትራያተም መምረጥሽ። ሜዲያል ፎርብሬን በንድል (ከናይግራ ወደ ስትራያተም የሚሄደው የነርቭ መስመር) ላይ ብትወጊ ጉዳቱ ፈጣንና ሙሉ ለሙሉ የሚጠጋ ነው፣ የሚድን ነገር አይቀርልሽም። ስትራያተም ላይ ከሆነ ግን መርዙ ከጫፍ ይጀምርና ሴሎቹ በሳምንታት ውስጥ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። «ከጀመረ በኋላ ብሰጥስ?» ለሚለው ጥያቄሽ ጊዜ ይሰጥሻል።

ለጥያቄሽ መልሱ፤ አትችዪም። ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ማለት ታይሮሲንን ወደ ዶፓ የሚቀይር ኢንዛይም ነው። የተጎዳ ሴል ሳይሞት ቲኤች መሥራት ሊያቆም ይችላል። አንቲቦዲሽ አያየውም፣ ሴሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። በሌላው በኩል መድኃኒትሽ ማንንም ሳያድን የቲኤች ምርትን ብቻ ከፍ ቢያደርግ «አዳንኩ» ትያለሽ። ስለዚህ ቲኤችን በቡናማ ቀለም፣ ከጎኑ ኒስልን (ማንኛውንም ነርቭ ሴል የሚያሳየውን) በሌላ ቀለም አቅልሚ። ቡናማው ጠፍቶ የኒስሉ ትልልቅ ሴሎች ካሉ ሞት አይደለም። ሁለቱም አብረው ከጠፉ ያኔ ስለ ሞት ማውራት ትችያለሽ።

ደግሞ የአይጠ መጎጥ ናይግራ እንደ ሰው ጥቁር ሆኖ አይጠብቅሽም፣ ኒውሮሜላኒኑ በዓይን አይታይም። ድንበሩን በአንጎል አትላስና በቲኤች ነው የምትለዪው፣ ጎኑ ካለው ቪቲኤ (ሌላ የዶፓሚን ሴሎች ሰፈር) ጋር እንዳትቀላቅዪ። ድንበሩን ከመቁጠርሽ በፊት አስምሪ፣ ስትቆጥሪ አይደለም።

ስታቲስቲክስ_ይቅደም፦
ሁለት ነገር ብቻ። ከአራት እንስሳ ሁለት መቶ ቁራጭ ቆጥረሽ ቁጥርሽ ሁለት መቶ ነው እንዳትዪ፣ አራት ነው። እንስሳው ነው አሀዱ። ቁራጮቹን እንደ ነጻ ናሙና ቆጥሮ ፒ-ቫሊው ያወጣ ሰው ብዙ ነው፣ ገምጋሚ ሲያገኘው ያኔ ይለይለታል።

ሌላው፣ ስላይዶቹን ሌላ ሰው በኮድ ይሸፍንልሽ። የትኛው ቡድን እንደሆነ እያወቅሽ ደብዛዛ ሴል ስታዪ እጅሽ ወደ ፈለግሽው ያደላል። የትኛው እንስሳ የትኛው ቡድን እንደሚገባም በዕጣ ይሁን፣ ጎጆው በር ላይ ያለውን እንስሳ ቀድሞ ማንሣት ዕጣ አይደለም። ስንት እንስሳ እንደሚያስፈልግሽም ከመጀመርሽ በፊት አስዪ፣ ኮሚቴው ይጠይቅሻል።

ማታ_ሠራተኛ፦
መርዙን ስታዘጋጂ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጨው እዪ። 6-ኦኤችዲኤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንደ ሃይድሮብሮማይድ ነው። ሞለኪውሉ ብቻውን 169 አካባቢ ነው፣ ከጨው ጋር 250። ፔፐሩ 10 ማይክሮግራም ያለው የጨው ክብደት ነው ወይስ የሞለኪውሉ? ካላወቅሽ መጠንሽ በግማሽ ያህል ሊሳሳት ይችላል፣ ከዚያ «ሞዴሉ አልሠራም» ትያለሽ። አስኮርቢክ አሲድ ባለበት ሳላይን ውስጥ አሟሚው፣ 0.02 በመቶ የተለመደ ነው። በረዶ ላይ፣ በፎይል ተሸፍኖ። ፈሳሹ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ወደ ሮዝ ከዞረ ኦክሲዳይዝ ሆኗል፣ ያን አትወጊው፣ አዲስ በጥብጪ።

ስትወጊም አትቸኩዪ። ቀስ ብሎ ይግባ፣ ጨርሰሽም መርፌውን ለጥቂት ደቂቃ እዚያው ተይው፣ አለበለዚያ መርዙ በመርፌው መንገድ ተመልሶ ይወጣል።

ሳህን_ላይ፦
እሺ ተሸነፍኩ ሃሃ። ግን የባህርይ ፈተናም ጨምሪ። ሲሊንደር ፈተናው ርካሽ ነው፣ ግልጽ ሲሊንደርና ካሜራ ብቻ ይፈልጋል። አይጠ መጎጡ በኋላ እግሩ ቆሞ ግድግዳውን ሲዳስስ ስንት ጊዜ በቀኝ፣ ስንት ጊዜ በግራ መዳፍ እንደሆነ ትቆጥሪያለሽ። አንጎሉ በግራ ከተጎዳ ቀኝ መዳፉን ይተዋል። አምፌታሚን ሰጥቶ ወደ ተጎዳው ጎን ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር መቁጠርም አለ። አፖሞርፊን የሚባል ሌላ መድኃኒት ሲሰጥ የሚታየው ሽክርክሪት ግን ከፊል ጉዳት ላይ ደካማ ስለሚሆን በሱ ብቻ አትመኪ።

ጀማሪዋ፦
አማካሪዬ ጋ ሄድኩ! ሐሳቡን ወደዱት፣ ግን «በፊት» የሚለውን ቡድን ቀንሺው ሊሉኝ ነበር፣ እንስሳ ለመቆጠብ። እኔ ደግሞ ውሁዱ ከመርዙ በፊት ሲሰጥ እንኳ የማይሠራ ከሆነ በኋላ አለመሥራቱ ምንም አይነግረንም ብዬ ተከራከርኩ። ተቀበሉኝ። ኒስሉንም ጨመርን። የኮሚቴውን ፎርም እየሞላሁ ነው። እስከዚያ እጄን ምን ላለማምድ?

ፒፔት_ያዥ፦
ጎበዝ፣ ክርክርሽ ልክ ነው።

እስከዚያ ከሌላ ሰው ሙከራ ያለቀ እንስሳ ካለ ለምኚ። በዚያ ላይ መርዝ ሳይሆን ቀለም ውጊ፣ የላብ ሰማያዊ ቀለም ማንኛውም ይሆናል። አንጎሉን አውጥተሽ ቁረጪና ቀለሙ የት እንዳረፈ እዪ። ስትራያተም መሐል ካገኘሽው መልካም፣ ነጩ ክር ላይ ከተንጣለለ ወይ ቬንትሪክሉ (ፈሳሽ ያለበት የአንጎል ክፍተት) ውስጥ ከገባ መለኪያሽን አስተካክለሽ ድገሚው። የእናንተ አይጠ መጎጦች ክብደትና አትላሱ የተሠራበት እንስሳ ክብደት ካልተቀራረበ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራልሽም።

ጀማሪዋ፦
የኛዎቹ ከአትላሱ ያነሱ ናቸው። ነገ የቀለሙን ሥራ እጀምራለሁ፣ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።

ስታቲስቲክስ_ይቅደም፦
ስትለጥፊ የስህተቱንም ለጥፊ፣ ያረፈበትን ብቻ አይደለም።